ጽጌረዳዬ ጠወለገች፣ ውሃ ልጨምርላት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት የጽጌረዳ ተክሎች አሉኝ። ሁለቱ የቆዩ ናቸው፣ አንዷን የተከልኳት ከስምንት ወር በፊት ነው። ሁልጊዜ ማታ ከሥራ ስገባ ጎማ ይዤ ቅጠላቸው እስኪታጠብ ድረስ አጠጣቸዋለሁ፣ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም። ግን የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። አንዳንዱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። እምቡጡም ሳይፈካ ይቀራል። ቀን ቀን ደግሞ ጥውልግ ይላሉ። ጎረቤቴ «ውሃ አንሷቸው ነው» ስላለችኝ ጠዋትም ማጠጣት ጀመርኩ፣ ጭራሽ ባሰባቸው። እባካችሁ ምን ላድርግ?
አበባ ወዳዷ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የጠዋቱን ውሃ አቁሚ። የማታውንም አቁሚ። ለጥቂት ቀን ምንም አታጠጪ። ይህን ስልሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ፣ ግን ውሃ ስትጨምሪ ከባሰባቸው የጎደላቸው ውሃ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ትንሽ መኮትኮቻ ያዢና ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለሽ ቆፍሪ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ከታች ያለውን አፈር ጨብጪው። ጣትሽ ላይ የሚለጠፍ ጭቃ ከሆነ፣ ደስ የማይል የመበስበስ ሽታም ካለው፣ መልሱ እጅሽ ውስጥ ነው። ቀጭን ሥር ካገኘሽም እየው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ሆኖ ጠንከር ይላል። እኔ ከዓመታት በፊት በጣም የምወዳት ቀይ ጽጌረዳ እንዲሁ ጠውልጋ ጠውልጋ ስትደርቅብኝ ነቅዬ አየኋት፣ ሥሯ ጠቁሯል፣ ገና ሳብ ሳደርገው ልጡ ተገፎ ጣቴ ላይ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠምቷት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥርም ይተነፍሳል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች አየር የሚይዙ ናቸው፣ እነሱ በውሃ ተሞልተው ከሰነበቱ ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮም እንኳ ውሃ ወደ ላይ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ቅጠሉ ልክ እንደተጠማ ይጠወልጋል። ጎረቤትሽን የሸወዳት ይሄ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚሁ ጋ ነው። አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ከጠወለገ ጥማት ነው። አፈሩ ረጥቦ ከጠወለገ ግን ውሃ በዝቶባታል፣ አትጨምሪባት።

የቀኑ ጥውልግ ማለት ብቻውን ብዙም አያስደንግጥሽ። ፀሐይ ስትከር ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ሥሩ ከሚያቀርበው ይበልጣል፣ ጤነኛ ተክልም ያኔ ዘንበል ይላል። በማግስቱ ማለዳ ወጥተሽ እያት። ቀና ብላ ካደረች ደህና ናት። ማለዳም እንደተኛች ከሆነ ነው ወደ አፈሩ መሄድ ያለብሽ።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱም ግን ከማታው ጎማ ጋር ይገናኛል። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ዘሩ ቅጠል ላይ ቢያርፍም ወደ ውስጥ ለመግባት ቅጠሉ ሳይደርቅ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ማታ ያጠብሽው ቅጠል ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል። ዝናብን መከልከል አንችልም፣ ጎማውን ግን እንችላለን። ነጠብጣብ ያለበትን ቅጠል ልቀሚ፣ መሬት የረገፈውንም ሰብስበሽ ከግቢ አውጪው፣ ፈንገሱ እዚያው ተቀምጦ ስለሚጠብቅ ከሥሯ አትተዪው።

አፈሩ ሲጠነፍፍ ጣትሽን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገቢ። ደረቅ ከሆነ ያን ጊዜ አጠጪ። ጠዋት ይሁን፣ ቅጠል ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ፣ የጎማውን ውሃ ቀነስ አድርገሽ ቀስ እያለ እንዲሰርግ። ግንዱ ሥር ብቻ አታፍስሺው፣ ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ራቅ ብለው ስለሚዘረጉ ቅርንጫፎቿ እስከደረሱበት ድረስ ዙሪያዋን አዳርሺ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለ1 ካሬ ሜትር መሬት 25 ሊትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ከዘነበ ቀንሺ። አሸዋማ አፈር ቶሎ ስለሚያፈስ ይህንኑ ውሃ ለሁለት ቀን ከፍለሽ ስጪ፣ መረሬ፣ ማለት ውሃ ይዞ የሚያቆይ ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ከሆነ ደግሞ ከሳምንትም በላይ ሊያቆይሽ ይችላል። ዋናው በየቀኑ እፍኝ እፍኝ አለመስጠትሽ ነው። ላይ ላዩን ብቻ የሚረጥብ አፈር ሥሩንም ላይ ላዩን ያስቀረዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ስትዘዪ ወዲያው ይጎዳል። ጠልቆ የገባ ውሃ ግን ሥሩንም ይዞት ይወርዳል።

የስምንት ወሯ ሥሯ ገና ብዙ ስላልሰፋ ከቆዩት ቀድማ ልትደርቅ ትችላለች። ለየብቻ ዳብሻቸው፣ ሦስቱን በአንድ ቀጠሮ አታስኪጃቸው።

መሬቱን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ብስባሽ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጎዝጉዥው። እርጥበቱን ያቆይልሻል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ አራቂው። ማዳበሪያ አሁን አትጨምሪ፣ ሥሩ ሲያገግም ይደርሳል።

ቢጫ የሆነው ቅጠል መልሶ አይለመልምም፣ እሱን እያየሽ ተስፋ አትቁረጪ። የምትጠብቂው አዲስ ቀንበጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው። እሱን ያየሽ ቀን ሥሩ ሥራ ጀምሯል።

ጥያቄ፦ የእኔ ጽጌረዳ በዕቃ ውስጥ ነው የተተከለችው። ውሃ ሳፈስ ወዲያው ከታች ይወጣል፣ ግን አፈሩ ደረቅ ነው። እንዴት ይሆናል?
ከበረንዳ

መልስ፦ አፈሩ ከመጠን በላይ ደርቆ ተኮማትሯል፣ ከዕቃው ግድግዳ ጋርም ክፍተት ፈጥሯል። ውሃው በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይወርዳል እንጂ ወደ ሥሩ አይገባም። ዕቃውን እንዳለ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አስቀምጠው ከግማሽ ከፍታው በላይ ውሃ ይሙሉበት፣ አፈሩ ላይም ቀስ እያሉ ያፍስሱ። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ያዩታል፣ አየሩ እየወጣ ነው። አረፋው ሲያቆም፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ አውጥተው በደንብ ያንጠፍጥፉት። ከዚያ በኋላ እንዲህ እስኪደርቅ አይጠብቁ፣ ዕቃ ውስጥ ያለ አፈር ትንሽ ስለሆነ በሞቃት ቀን በየቀኑ ሊፈልግ ይችላል። ከሥሩ ያለው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ግን ይድፉት።