ስለ ፊት ጅማቶች፦ ጥያቄና መልስ

አዘጋጅ፦ የዛሬው መላሽ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ጠያቂዎቹ ከለገጣፎ፣ ከሰንዳፋና ከኮዬ ፈጬ ያላችሁ ባለሙያዎች ናችሁ።

ሬዚደንት፣ ለገጣፎ፦ ዶክተር፣ ፌስሊፍት (ፊትን ወደ ላይ የሚስብ ቀዶ ሕክምና) ላይ ስማሱን፣ ማለትም ከቆዳው ሥር ያለውን የፊት ሽፋን፣ ስስበው ጉንጩ አብሮ አይነሳም። ስፌቱን ባጠብቀውም ያው ነው።

መልስ፦ በስፌቱ አታሳብብ፤ የዛይጎማ (የጉንጭ አጥንት) ጅማቱን ሳትፈታ ነው የሳብከው። ይህ ጅማት ከጉንጭ አጥንት የታችኛው ጠርዝ ተነስቶ፣ ስማሱንና ስቡን አልፎ ቆዳው ላይ ይጣበቃል፤ ካስማው ሳይነቀል ድንኳን አይነሳም። ከትራገስ (ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ) ወደ ፊት 4.5 ሴ.ሜ ገደማ ፈልገው። መቀሱን ስትገፋ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይይዝሃል። እዚያው ቦታ ከተሻጋሪው የፊት ደም ቧንቧ የሚመጣ ቅርንጫፍ ስለሚያልፍ ይደማል። ሲደማ ታዲያ ኮተሪ (በሙቀት ደም የሚያቆም መሣሪያ) ይዘህ አትሩጥ! የፊት ነርቭ የዛይጎማ ቅርንጫፍ ከጅማቱ ሥር ነው ያለው። በጎዝ (በቁስል ጨርቅ) ተጫን፣ ታገስ፣ ቧንቧውን በዓይንህ አይተህ በባይፖላር (በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ በሚያቃጥል ኮተሪ) ዝጋ።

ከዚያ በታች፣ በማሴተር (የማኘኪያ) ጡንቻ የፊት ጠርዝ፣ የማሴተር ጅማቶች ይወርዳሉ። ከአጥንት ሳይሆን ከጡንቻው ሽፋን ስለሚነሱ «ሐሰተኛ» ይሏቸዋል። ስሙ አያዘናጋህ፤ ከእነሱ የላይኛው ካልተፈታ ጉንጩ እንደታሰረ ይቀራል። ከጅማቶቹ ኋላ፣ ማሴተሩ ላይ ያለው ክፍት ቦታ በጣት ጭምር በቀላሉ ይለያል። ጉዳት የሚደርሰው ድንበሩ ላይ፣ ጅማቱ ባለበት ነው። መቀሱን ነርቩ በሚሄድበት አቅጣጫ እየከፈትክ አላቅ፤ ያላየኸውን አትቁረጥ።

የጥርስ ሐኪም፣ ሰንዳፋ፦ አገጭ አጠገብ ያለው ጎድጓዳስ?

መልስ፦ የመንጋጋ ጅማት ነው። ከመንጋጋው ጠርዝ 1 ሴ.ሜ ገደማ ከፍ ብሎ ቆዳውን ከአጥንቱ ጋር ይይዛል፤ የላላው ከኋላው ይንጠለጠላል።

ሬዚደንት፣ ኮዬ ፈጬ፦ ይቅርታ፣ ቀጭን ፊት ላይ ስማሱን አጥፎ መስፋት አይበቃም? ይህን ሁሉ ነርቭ ለምን እንነካካለን?

ሬዚደንት፣ ለገጣፎ፦ ወንድሜ፣ አንገቱ ይስተካከልልሃል፤ መሀል ፊቱስ?

ሬዚደንት፣ ኮዬ ፈጬ፦ አፉ ከሚጣመም መሀል ፊቱ ትንሽ ቢወርድ ይሻላል።

መልስ፦ ሁለታችሁም እያወራችሁ ያላችሁት ስለ ተለያየ በሽተኛ ነው። ችግሩ መንጋጋ መስመር ላይ ብቻ ከሆነ ማጠፉ ይበቃል። ጉንጩ ከወረደ ግን ጅማቶቹን ፍቱ፣ ነርቩን እያያችሁ። በቃ፣ እንለፍ።

ነርስ፣ ለገጣፎ፦ ዶክተር፣ ከዓይን ሥር ያለውን መስመር በፊለር (በመርፌ በሚገባ መሙያ) መሙላት ይቻላል? ውበት ሳሎን ውስጥ የሚያደርጉ አሉ።

መልስ፦ በሐኪም እጅ፣ በትንሹ፣ አጥንቱ ላይ ይቻላል። መስመሩን የሚፈጥረው የዓይን ክብ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ጅማት ነው። ላዩ ላይ ቢሞላ ያብጣል እንጂ አይጠፋም። ሳሎን ውስጥ በፍጹም! አፍንጫ ጎን ያለው ደም ቧንቧ ከዓይን ቧንቧ ጋር ይገናኛል፤ ፊለሩ ከገባበት ዓይን ሊታወር ይችላል። ሃያሉሮኒዴዝ (የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለርን የሚያሟሟ መድኃኒት) አጠገቡ ያላስቀመጠ ሰው መርፌ አያንሳ።

ተሳታፊ፦ ፊቴ ወርዷል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜ? ሲጋራ? የደም ግፊት? የትኛው ቦታ? ሳይነገረኝ አልመልስም።

ነርስ፣ ለገጣፎ፦ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቦቶክስስ (ጡንቻ የሚያላላው መርፌ)?

መልስ፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር ከሌለ ምን ያህል እንደሞቀ አታውቂም፤ አትጠቀሚበት። ደግሞ ርዕሳችን ጅማት ነው።

የጥርስ ሐኪም፣ ሰንዳፋ፦ በሽተኛዋ በቀዶው ማግስት ሰንዳፋ ትመለስ?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ቀዶ ክፍል ካለበት አትራቅ። ደም ከቆዳው ሥር የሚጠራቀመው በብዛት ያኔ ነው። ምልክቱ በአንድ ጎን ድንገት የሚብስ ሕመምና የሚወጠር እብጠት ነው። ማስታገሻ ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ የለም፤ ስፌቱ ይከፈታል፣ ደሙ ይወጣል። ዘግይቶ ቆዳው ከጠቆረ የሚመለስ ነገር የለም። ግፊቷን አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ተሳታፊ፦ ዶክተር፣ ሳሎን ውስጥ ፊለር...

መልስ፦ መልሼዋለሁ። ወደ ላይ አንብብ።