የተመኘሁትን ሁሉ አግኝቼ ለምን ሰላም አጣሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለፉት አራት ወራት አገባሁ፣ አዲስ ቤት ገባን፣ በመሥሪያ ቤቴም የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ሦስቱም ስመኛቸው የኖርኩ ነገሮች ናቸው። ግን ማታ ደክሞኝ እተኛና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው እያለ እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ሆዴ ይረበሻል፤ በትንሽ በትልቁ ቁጣ ቁጣ ይለኛል፤ ባለቤቴ ላይ እጮሃለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ አለቅሳለሁ። ሰው «ምን ጎደለሽ?» ሲለኝ መልስ የለኝም። ታምሜ ይሆን? ጓደኛዬ ከምትወስደው የእንቅልፍ ኪኒን አካፍላኛለች፤ ልዋጠው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ኪኒኑን አይዋጡት። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርዎታለሁ።

«ምን ጎደለሽ?» የሚለው ጥያቄ ከእንቅልፍ ማጣቱ ያላነሰ የጎዳዎት ይመስለኛል። ለመረበሽ የግድ የጎደለ ነገር መኖር የለበትም። ደስ የሚልም ለውጥ ቢሆን ሰውነት እንደ አዲስ ሊለምደው ይገባል፤ መልመድ ደግሞ አቅም ይጨርሳል። በ1967 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሆምስ እና ሪቻርድ ሬይ የተባሉ አሜሪካውያን የአእምሮ ሐኪሞች ለ43 የሕይወት ለውጦች እንደ ክብደታቸው ነጥብ ሰጥተው ነበር። ለትዳር ጓደኛ ሞት 100 ሰጡ። ለጋብቻ 50፣ በሥራ ላይ ለሚመጣ የኃላፊነት ለውጥ 29፣ ቤት ለመቀየር 20። የእርስዎን ሦስቱን ይደምሯቸው፤ 99 ይሆናል። ሰንጠረዡ ግምት ነው፤ ሸክሙ ለሁሉም ሰው እኩል አይከብድም፤ በእሱ ብቻም በሽታ አይለይም። ነገር ግን «ደስታ እያለኝ ለምን እረበሻለሁ?» ብለው ራስዎን ለሚወቅሱ ለእርስዎ፣ ይህን ቁጥር ማየቱ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ውጥረት ሲበዛ አድሬናሊንና ኮርቲዞል ያመነጫሉ። አድሬናሊን ልብን ያስሮጣል፤ ደምን ከአንጀት ወደ ጡንቻ ስለሚያዞርም ሆድ ይረበሻል። ኮርቲዞል ደግሞ በጤናማ ሰውም ቢሆን ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል መጨመር ይጀምራል። በዚያ ሰዓት እንቅልፍም ስስ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መንቃትዎ አያስገርምም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ስለ ትዳርዎም ሆነ ስለ ሥራዎ የሚመጣልዎትን ፍርድ ግን አይመኑት። ሲነጋ እንደገና ይዩት።

እንዲህ ሲነቁ የሚያደርጉትን ላሳይዎት። ሁለት ጣትዎን በሌላው እጅዎ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በታች ያሳርፉና የልብዎን ትርታ ያግኙ። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫዎ አየር ያስገቡ፤ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስወጡ። ትንሽ ከቆዩ ትርታው አየር ሲያስገቡ ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ሲል በጣትዎ ሥር ሊሰማዎት ይችላል። ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን የሚገታው አየር በሚወጣበት ጊዜ ነው። ማስወጫውን የምናስረዝመው ለዚህ ነው። በደቂቃ 6 ያህል ትንፋሽ ይበቃል፤ ለአምስት ደቂቃ ይቀጥሉ። እንቅልፍ እምቢ ካለ አልጋው ላይ አይገላበጡ፤ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቁጭ ይበሉ፤ ስልክ አይክፈቱ፤ ሲያንቀላፉ ይመለሱ።

ቀን ላይ የምመክርዎት ብዙ አይደለም። ኑሮው ሁሉ ሲቀያየር ሰውነት የሚይዘው ቋሚ ነገር ይፈልጋልና የመነሻ ሰዓትዎን አይለውጡ፤ መጥፎ ሌሊት ቢያድሩም በዚያው ሰዓት ተነሥተው ወደ ብርሃን ይውጡ። ቡና ከምሳ በኋላ ይቅር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ለአምስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላም በደምዎ ውስጥ ነው። ሌላ ትልቅ ውሳኔ ካለ ለጊዜው ያቆዩት። ለባለቤትዎም ቁጣው ከመምጣቱ በፊት «ዛሬ አልተኛሁም፣ ሆድ ብሶኛል» ብለው ይንገሯቸው። ምክንያቱን ካላወቁ ጥፋቱ የእሳቸው ሊመስላቸው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ለአዲስ ትዳር ከባድ ነው።

ስለ ኪኒኑ፦ ለእንቅልፍ ከሚታዘዙት ብዙዎቹ፣ ዳያዜፓምና መሰሎቹ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊያስይዙ ይችላሉ፤ በድንገት ሲቆሙም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ሌላም አለ። በቅርቡ አግብተዋል፤ እርጉዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ሳይታወቅ ምንም ዓይነት የእንቅልፍ መድኃኒት እንዲወስዱ አልፈልግም።

ታምሜ ይሆን ላሉት፣ ከጻፉልኝ ብቻ ተነሥቼ አልታመሙም ልልዎት አልችልም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልክ እንደ ጭንቀት ልብ ያስመታል፣ ያነጫንጫል፣ እንቅልፍ ይነሣል፤ በተለይ ክብደት ከቀነሱ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሙቀት አልቻል ካለዎት። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። ሁለቱም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የእርግዝና ምርመራም ይጨምሩበት። ሁሉም ደህና ከሆነ ለውጥን ለመላመድ መቸገር የምንለው ሳይሆን አይቀርም፤ ለውጡ በመጣ በሦስት ወር ውስጥ ይጀምራል፤ ነገሩ ሲረጋጋ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይለቃል። ከባለሙያ ጋር መነጋገርም ይረዳል። ሐዘኑ ሳያቋርጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላዎት ግን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ደረትዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ነገ አይበሉ፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ባለቤትዎም አብረውዎት ይግቡ። የሌሊቱን ነገር ከእርስዎ የበለጠ እሳቸው አይተውት ይሆናል።