ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ቡችላ እስከ ነገ አይቆይም

እህቴ፣ የ3 ወር ቡችላሽ ከትናንት ጀምሮ እንደሚያስመልሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እንደያዘው ጽፈሻል። ጎረቤት «ትል ነው» ስላለሽ የትል መድኃኒት ልስጠው ወይ ብለሻል። አሁን አትስጪው። ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ፓርቮ የሚባለው፣ የቡችሎችን አንጀት የሚያጠቃው የቫይረስ በሽታ ይመስላል።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን እያለሁ ወንድምና እህት ቡችሎች ነበሩኝ፤ ክትባት አልወሰዱም። ወንዱ መጀመሪያ ምግብ እምቢ አለ፣ ከዚያ አስመለሰው። እኔም ትል ነው ብዬ ኪኒን በወተት ሰጠሁት። አንድ ቀን ተኩል እንዲሁ ባከነ። የተቅማጡ ሽታ እስካሁን አይረሳኝም። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጬ ስለቀው አልተመለሰም፣ እንደታጠፈ ቀረ። የሰውነቱ ውኃ አልቆ ነበር። ማታ ሞተ።

በማግስቱ ሴቷ ስታስመልስ ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ሐኪሙ ከፊንጢጣዋ በጥጥ ናሙና ወስዶ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ነገር ላይ ጠብ አደረገ። ሁለት መስመር ወጣ፤ ፓርቮ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ግን በሽታው እያለ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል፤ «የለበትም» ቢሉሽም ምልክቱ ካለ ሕክምናውን እንዳታቋርጪ።

ቫይረሱን የሚያሸንፈው የራሷ ሰውነት ነው፤ ሐኪሙ እስከዚያ ያቆያታል። ዋናው በደም ሥር የሚሰጠው፣ ሰው በልማድ «ግሉኮስ» የሚለው ፈሳሽ ነው፣ በተለይ በእኛ ሙቀት። የማስመለሻ ማስታገሻ መርፌም ተወጋች። አንቲባዮቲክ የተሰጣት አንጀቷ ስለተጎዳ ባክቴሪያ ወደ ደም እንዳይገባ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቿም በዚህ በሽታ ይወርዳሉ። አራት ቀን ጠዋትና ማታ አመላለስኳት። በአራተኛው ቀን ጨውም ሽንኩርትም የሌለው የዶሮ መረቅ ከጣቴ ላይ ላሰች። አለቀስኩ።

የትል መድኃኒቱን ሲሻለው ሐኪሙ ይሰጠዋል።

ቤቱን በሳሙና ብቻ ብታጥቢው ቫይረሱ አይሞትም፤ አልኮልም አይገድለውም። ቆሻሻውን አጥበሽ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ በጥብጠሽ አፍስሺበት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ግቢ አፈር ውስጥ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ያልተከተበ ቡችላ አታስገቢ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። ለልጆችሽ አትስጊ፣ የውሻ ፓርቮ ሰው አይዝም።

ከተማ ውስጥ ሐኪም ካጣሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ እዚያ ጠይቂ። ስትሄጂ በካርቶን ያዢው። ክሊኒኩ ደጃፍ መሬት ላይ አታስቀምጪው፣ እዚያ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ቡችሎች እንዳይያዙ።