ለቀረሁበት ቀንም እከፍላለሁ?

ባለፈው ወር አንዲት የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ፍሉት ሊያስተምሩኝ ይችላሉ?» ብላ ጻፈችልኝ። ዋጋውን ነገርኳት፤ ቀኑን ማክሰኞ፣ ሰዓቱን ከቀኑ 11 አደረግነው። ትንሽ ቆይታ ሌላ ጥያቄ አስከተለች፦ «ፈተና ደርሶብኝ ብቀር ለቀረሁበት ቀንም እከፍላለሁ?»

ጥያቄው ነውር የለበትም። እንዲያውም የጨዋ ልጅ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እስከ ማታ ድረስ ሳልመልስላት ቆየሁ። ይህን ጥያቄ ከአርባ ዓመት በፊት እኔ ራሴ መጠየቅ ሲገባኝ አልጠየቅኩም። ለእሷ የጻፍኩላት መልስ በመጨረሻ ሁለት መስመር ሆነ። ከግል አስተማሪ ዘንድ ሙዚቃ ልትማሩ ለምታስቡ ወጣቶች ግን ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

በ1976 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነበር። ዋሽንት ከትንሽነቴ ጀምሮ እነፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው ግን የለም። ክረምት ክረምት አያቶቼ ዘንድ ጎጃም ስሄድ ከእረኞቹ ጋር እየዋልኩ የለመድኩት ነው። እነሱ ሸምበቆውን ቆርጠው፣ አራቱን ቀዳዳ በጋለ ብረት በስተው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ዋሽንት ያወጡ ነበር። አንደኛው ልጅ ከብቶቹ ወደ ሰው እህል ሲጠጉ በዜማው ይመልሳቸዋል ብለው ይምሉለት ነበር። እኔ ሲመልሳቸው አላየሁም፤ ዜማው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ቀን በሰው ሠርግ ላይ ሸምገል ያሉ ሰው ብርማ ፍሉት ወደ ጎን ይዘው ትዝታ ሲጫወቱ አየሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከብረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሲወጡ ተከትያቸው እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ። ከጦር ሠራዊት ባንድ በጡረታ የተገለሉ፣ ሰባ ደረጃ አካባቢ በተከራዩት ቤት ልጆች የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ በ11 ሰዓት፣ በወር 20 ብር ተባባልን። ገንዘቡን የምትከፍልልኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ 20 ብር ለእሷ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሙሉውን ፍሉት አላስነኩኝም። ፍሉት ሦስት ቦታ ተፈታቶ የሚገጣጠም ነው፤ እኔ የያዝኩት አፍ የሚገጥምበትን፣ ራስ የሚባለውን ክፍል ብቻ ነበር። ትንፋሼን በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ከፍዬ ድምፅ እስካወጣ ድረስ ሌላው ክፍል በሣጥኑ ውስጥ እንደ ተኛ ቀረ። ከዚያም ከደብተሬ ላይ ትንሽ ወረቀት ቀደው ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይዘው «በትንፋሽህ ያዘው» አሉኝና እጃቸውን አነሱ። ወረቀቱ ወደቀ። ደግመው ለጠፉት፤ ደግሞ ወደቀ። ከንፈሬን አጥብቤ ትንፋሼን ቀጭንና ሳይቆራረጥ የሚወርድ ሳደርገው ወረቀቱ ግድግዳው ላይ እየተርገበገበ ቆመ። እሳቸውም እንደ እኔ ትንፋሻቸውን ውጠው ወረቀቱን ያዩ ነበር።

የማልረሳው ሌላ ነገር የአንድ ብሯ ኖት ናት። የምማርበት ፍሉት የራሳቸው አሮጌ መሣሪያ ነበር። አንደኛው ቁልፍ ስፕሪንጉ ስለ ላላ በላስቲክ ታስሯል። ከቁልፎቹ ሥር ያለው ለስላሳ መክደኛ በትንፋሽ እርጥበት እየተጣበቀ ያስቸግር ነበርና፣ ጢስ ዓባይ የተሳለባትን ያረጀች አንድ ብር ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ከቁልፉ ሥር ያስገባሉ፤ ቁልፉን በቀስታ ይጫኑና ወረቀቷን ይስቧታል። እርጥበቱም ከብሯ ጋር ይወጣል። ከዚያም ብሯን በጉልበታቸው ላይ አለስልሰው፣ አጥፈው፣ ወደዚያው ኪስ ይመልሷታል። በዚያ ሁሉ ሐሙስ ያቺን ብር ዕቃ ሲገዙባት አላየሁም። ዛሬ የመሣሪያ ጠጋኞች ብሩ ሻካራ ስለ ሆነ መክደኛውን ይጎዳል ይላሉ፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስስ ደረቅ ወረቀት ነው የምሰጣቸው።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ግን ይኼ ነው። ዋሽንት ላይ ቀዳዳው ባዶ ስለ ሆነ ጣታችሁን ግማሽ አንስታችሁ፣ አንሸራትታችሁ ድምፁን ማለዘብ፣ ማስለቀስ ትችላላችሁ። ፍሉት ላይ ቀዳዳውን የሚደፍነው ቁልፍ ነው፤ ወይ ይከፈታል፣ ወይ ይዘጋል። እኔ አምባሰልን በፍሉት ስሞክረው ደርቆብኝ ተናደድኩ። እሳቸውም ይህን የቁልፍ አሠራር ያወጣው ቴዎባልድ ቦም የተባለ ጀርመናዊ እንደ ሆነ፣ ዘመኑም በእነሱ አቆጣጠር 1847 እንደ ነበር ነገሩኝና፣ «እሱ አምባሰልን ሳይሰማ ነው የሠራው፤ ስለዚህ በጣት ያጣኸውን በከንፈር ፈልገው» አሉኝ። ፍሉቱን በትንሹ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያንከባለሉ፣ ከንፈራቸውን እያላሉ፣ አንዷን ድምፅ ሲያጎነብሷት የዋሽንቱ ለዛ ከብረቱ ውስጥ ወጣ። ዋሽንትን አይንቁም ነበር። ዝነኛው ዋሽንት ነፊ ዮሐንስ አፈወርቅ በሬዲዮ ሲነፋ ከመጣ ትምህርቱን አቁመን እንሰማ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው ያስተማሩኝ። እኔስ ምን አደረግኩ?

በዚያ ዘመን በየቀበሌው ኪነት የሚባል የሙዚቃና የትርኢት ቡድን ነበር። ዋሽንት እንደምነፋ የሰማ የሰፈር ልጅ ወሰደኝ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዩኒፎርም ለብሼ መድረክ ላይ ቆምኩ። ጭብጨባው ጣፈጠኝ። ሰባ ደረጃ ወርጄ አንዲት ድምፅ ለአንድ ሰዓት ከመጎተት ይልቅ መድረክ ላይ ቆሞ መታየት በለጠብኝ። የኪነቱ ልምምድ ደግሞ ሐሙስም ነበር። የመጀመሪያውን ሐሙስ ስቀር «በሚቀጥለው ሳምንት አስረዳቸዋለሁ» አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ሆኜ መሄዱ አሳፈረኝ፤ በሦስተኛው ይበልጥ አሳፈረኝ። እህቴ ግን የወሩን 20 ብር ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። የሸራ ጫማ ገዛሁበት። በሚቀጥለው ወር የሰጠችኝን ሳልነካው ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ነው የሄድኩት። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ቡና ሊያፈሉ ተቀምጠው ኖሮ እጃቸው ላይ ሙቀጫ ነበር። «ግባ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ የኖታ ማስቀመጫው ቆሟል፤ ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ እኔ የምማርበት ፍሉት በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ በመደርደሪያው ላይ ነበር። መምህሬ አልነበሩም። ደብረ ዘይት አንድ ሆቴል ውስጥ በምሽት ሥራ አግኝተው ሄደዋል። እትዬ ቡናውን እየወቀጡ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦ «ሐሙስ ሐሙስ እስከ 12 ሰዓት ይጠብቁህ ነበር። የአንድ ነጋዴ ልጅ በዚያ ሰዓት ልማር ብሎ አባቱ ይዞት መጥቶ ነበር፤ 40 ብር ልክፈል ብሎ ለመናቸው። ሰዓቱ ባለቤት አለው ብለው መለሱት።»

20 ብሩን አውጥቼ ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። «ለእሳቸው ትሰጣለህ፤ እሑድ ይመጣሉ» አሉኝ። እሑድ እመጣለሁ አልኩ። አልሄድኩም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም.፣ በአንድ ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ከፒያሳ በተነሳ አውቶቡስ ውስጥ አየኋቸው። ከፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ ቆመዋል። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። የፍሉቱን ሣጥን በብብታቸው ይዘዋል። በኪሴ የወር ደመወዜ ነበር፤ ስንት ሐሙስ መክፈል እንደምችል በልቤ ቆጠርኩት። አላዩኝም። አውቶቡሱ ሲቆም እኔ በኋለኛው በር ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ሁለት ጊዜ ፈልጌያለሁ፤ ሌላ ተከራይ ገብቶበት ነበር፤ ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

እህቴ ስለ ሸራ ጫማው እስከ ዛሬ አታውቅም። ይህን ጽሑፍ ስታነብ ታውቃለች።

በግል የሚያስተምር ሰው የሚሸጠው ሰዓቱን ነው። የትምህርት ቤት መምህር ብትቀሩም ደመወዙ ይደርሰዋል። ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ሰው ግን ያንን ሰዓት ለሌላ አልሰጥም ብሎ ዘግቶላችኋል፤ የቤት ኪራዩም ከዚያ ሰዓት ነው የሚወጣው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አፍ አውጥታችሁ ተነጋገሩ፦ ብቀር ከስንት ሰዓት በፊት ልንገር፣ የሚተካ ቀን አለ ወይ፣ እርስዎ ቢቀሩስ? አስተማሪውም ይህን መጠየቃችሁን ከጠላ ሌላ ፈልጉ።

የዛሬ ልጆች ትምህርቱ ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ዛሬ አልመጣም» የሚል መልእክት ትልካላችሁ፤ ከኋላው የሚስቅ ፊት ትጨምሩበታላችሁ። ያናድደኛል። ይህን ስጽፍ ግን እኔ ያንን እንኳ ያላደረግኩ ሰው መሆኔን አስታወስኩ። በሌላ በኩል ለቀሩበት ቀን ይከፈል እያልኩ፣ እኔ ጭራሽ ምንም የማላስከፍላቸው ሁለት ልጆች አሉኝ። የሥራ ባልደረቦቼ የሁላችንንም ዋጋ ታረክሳለህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ልተዋቸው አልችልም።

ከቪዲዮ ስለ መማር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ቪዲዮ ጣትን ያሳያል። ትንፋሻችሁን ግን አይሰማም፤ ፍሉት ደግሞ ከጣት ይልቅ ትንፋሽ ነው። ከከንፈራችሁ የሚወጣው አየር ብዙው ከቱቦው ውጭ ሲባክን ድምፁ ለእናንተ ጥሩ ይመስላችኋል፤ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ግን ነፋሱን ይሰማዋል። ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ሲወጣ የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል። ኖታ ማንበብ የጠነከረ ልጅ ከሆነ በቪዲዮ ብዙ ሊሄድ እንደሚችል አልክድም፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሁለት ነገር ለቅሜያለሁ።

መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። ርካሽ አዲስ ፍሉት ቁልፉ በደንብ ካልገጠመ አየር ያስወጣል፤ ልጁም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። ለጥቂት ወራት ከአስተማሪያችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ፤ ከመግዛታችሁ በፊትም እሱ ነፍቶ ይሞክርላችሁ። ገንዘብ የሌለው በዋሽንት ይጀምር። ዋሽንት የድሃ ፍሉት ነው የሚለውን አነጋገር አልወደውም፤ አንድ ዋሽንት ለሁሉም ዘፋኝ ድምፅ ስለማይስማማ ነፊው ረጅምና አጭሩን በከረጢት ሙሉ ይዞ ይዞራል፤ ያንን ሁሉ አሳምሮ የሚነፋ ሰው ከማንም አያንስም።

ለዚያች ልጅ የላክሁላት መልስ ይህ ነበር፦ «አዎ፣ ከአንድ ቀን በፊት ካልነገርሽኝ ትከፍያለሽ። ሰዓቱ ግን ያንቺ ነው፤ ለማንም አልሰጠውም።»

ባለፈው ማክሰኞ 11 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መጣች። የፍሉቱን ራስ ብቻ ሰጠኋት፤ ሌላውን ክፍል አሻግራ በሣጥኑ ውስጥ አየችው እንጂ አልጠየቀችኝም። ሦስት ደቂቃ እንደ ነፋች ራሷን አዞራት፤ ጀማሪ ሁሉ ያዞረዋል። አስቀምጬ ውኃ ሰጠኋት። ከደብተሯ ጥግ ቁራጭ ወረቀት ቀድጄ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። አራት ጊዜ ወደቀ። በአምስተኛው፣ እጄን ሳነሳ፣ ወረቀቱ እየተርገበገበ ቆመ፤ እኔም ትንፋሼን ውጬ አየሁት።