ለጨው ውሃ አኳሪየም ርካሽ አሸዋ፦ ጥያቄና መልስ

ከቡራዩ፦ ታንኬ ወለሉ 90 በ45 ሴንቲ ነው። ስንት ኪሎ አሸዋ ይበቃኛል? ከውጭ በከረጢት የሚመጣው ዋጋው አልቀመስ ብሏል።

መልስ፦ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ከሆነ ይበቃል። 90×45×3 ሲባዛ 12 ሊትር ገደማ ይመጣል። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ 1.5 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን 18 ኪሎ ይፈልጋሉ። ከጠቃሚ ባክቴሪያ ጋር እርጥብ ሆኖ ታሽጎ ለሚሸጠው «ህያው አሸዋ» ገንዘብዎን አያውጡ፤ ጤነኛ ታንክ ካለው ሰው አንድ ኩባያ አሸዋ ቢለምኑ ባክቴሪያው ከዚያ ይራባል።

ከሰበታ፦ ታዲያ ርካሹ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለቴራዞ ንጣፍ የሚፈጨው ነጭ የእብነ በረድ ፍርፋሪ። እሱም ከውጭ በከረጢት እንደሚመጣው አሸዋ (አራጎናይት) ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከመቁረጫ ማሽን ሥር የሚታፈሰውን ዝቃጭ ግን አይውሰዱ፤ ሙጫና የማሽን ዘይት አያጣውም። ፍርፋሪውን በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉ፣ ያለፈውን እንደገና በ1 ሚሊ ይንፉ። የሚፈልጉት በሁለተኛው ወንፊት ላይ የቀረውን ነው። ከዚያ የደቀቀው በፓምፑ ሞገድ እየተነሳ ኮራሉን ያለብሰዋል፤ ሻካራው ደግሞ በመካከሉ የምግብ ትርፍራፊ አጠራቅሞ ናይትሬት የተባለውን ብክለት ያመጣል። አንድ ጉድለት አለው፦ ጠርዙ ስለታም ነው። አሸዋ ጎርሶ በስንጥቡ የሚያጣራ ጎቢ የተባለ ዓሣ ለማርባት ካሰቡ ይተዉት።

ከሱሉልታ፦ የዶሮ መኖ ቤት የሚሸጠው የኖራ ድንጋይስ?

መልስ፦ ጠጠሩ ይሆናል፣ ዱቄቱ አይሆንም። ጆንያው እንዳይቀያየርብዎ ይጠንቀቁ፤ እዚያው የሚሸጠው ዲሲፒ የተባለው የመኖ ማዕድን ፎስፌት ስለሆነ ታንኩን በአልጌ ይሞላዋል። የግድግዳው ኖራማ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው፦ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድና የአልካላይ መለኪያ) ወደ 12 ወስዶ ያለውን ሁሉ ይፈጃል። ጠጠሩን ትንሽ ሰብረው ነጭ አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ ካርቦኔት ከሆነ አረፋ ያወጣል።

ከገላን፦ የግንባታ አሸዋ አጥቤ ብጠቀምስ? ፒኤች አይጠብቅም ይሉኛል።

መልስ፦ የፒኤቹ ወሬ የተጋነነ ነው። በ8.2 ፒኤች ላይ ካርቦኔት አሸዋም ቢሆን አይሟሟም፤ መሟሟት የሚጀምረው ውሃው ከ7.7 በታች ሲወርድ አካባቢ ነው፣ ያኔ ኮራልዎ ቀድሞ ተጎድቷል። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ የሚጠበቀው ውሃ በመለወጥና በየጊዜው ማሟያ በመጨመር ነው። የግንባታውን አሸዋ የማልመክረው በሌላ ምክንያት ነው። ከስምጥ ሸለቆ በሲኖትራክ የሚገባው አብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ፑሚሱ (ቀዳዳ የበዛው ቀላል ድንጋይ) ይንሳፈፋል፣ ጥቁሩ ፍሬ ብረት አለበት። ማግኔት በፕላስቲክ ጠቅልለው ቢያዞሩበት ያዩታል። ያ ፍሬ በፓምፑ ማግኔት ላይ ተለጥፎ ይፈቀፍቀዋል፣ በመስታወት ማጽጃው ማግኔት ላይ ሲያዝ ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል።

ከለገጣፎ፦ 10 ሴንቲ ውፍረት ናይትሬት ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ኦክስጅን በማይደርስበት ታችኛው ንጣፍ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። ለእኛ ግን አልመክረውም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለን ሰዎች ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለምንገኝ የአየሩ ግፊት ሦስት ሩብ ገደማ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ላዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅን ይጠቀማል፣ ወፍራም አሸዋ ማለት ብዙ ባክቴሪያ ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ ሲቆም ቀድሞ የሚታፈነው ዓሣው ነው። 3 ሴንቲ ያንጥፉ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ያዘጋጁ። አሸዋ ውስጥ ገብቶ የሚያድር «ራስ» (wrasse) የተባለ ዓሣ ካለዎት ጥግ ላይ 5 ሴንቲ ውፍረት አሸዋ የያዘ ሳህን ይበቃዋል።

ከቡራዩ፦ አጠባውስ?

መልስ፦ ባልዲውን ሲሶ ያህል አሸዋ ሞልተው፣ ውሃ እየጨመሩ በእጅ እያማሰሉ፣ የደፈረሰውን ይድፉ። ውሃው እስኪጠራ ከ10 ጊዜ በላይ ሊወስድ ይችላል። ሳሙና በፍጹም! መጨረሻ ላይ በአርኦ ውሃ (በሪቨርስ ኦስሞሲስ በተጣራ ውሃ) ያለቅልቁት። ታንኩ ውስጥ የሚያስገቡትን ድንጋይ አስቀድመው የወለሉ መስታወት ላይ ያሳርፉ፣ አሸዋው ዙሪያውን ይፍሰስ፤ አለዚያ ቆፋሪ ዓሣ ሥሩን ሲምሰው ድንጋዩ ተንዶ መስታወት ይሰብራል። ታንኩ ውሃ ከያዘ ፓምፑን አጥፍተው የፒቪሲ ቱቦ እስከ ወለሉ ያውርዱና አሸዋውን በፈነል ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ድፍርሱ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል። ካልጠራ አጠባው ጎድሎታል፤ የማጣሪያውን ጥጥ በየቀኑ ይለውጡ።