አንድ አንቀጽ ሲጨመር የቀረው ለምን ይዛባል?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። መተዳደሪያ ደንባችን 6 ምዕራፎችና 38 አንቀጾች ያሉት ሲሆን፣ በማይክሮሶፍት ዎርድ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ከአንቀጽ 9 ቀጥሎ አዲስ አንቀጽ እንዲገባ ስለተወሰነ ተከታዮቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ በእጄ አስተካከልኩ። ይሁን እንጂ «በአንቀጽ 17 በተደነገገው መሠረት ይቀጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አሁን የሚመራው ወደ ቅጣቱ ሳይሆን ወደ ድንኳን አዋዋስ ሆኖ ተገኘ። አውቶማቲክ ቁጥር ስሞክር ደግሞ በየምዕራፉ አንቀጹ እንደ አዲስ ከ1 ይጀምርብኛል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ለዎርድ እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሆነ፣ ከበላዩ አንቀጽ ቢጨመርም ባይጨመርም ከቦታው አይነቃነቅም። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲቆጥረው ከርእሱ ስታይል (ሄዲንግ 1፣ ሄዲንግ 2 ከሚባሉት የዎርድ ዝግጁ የጽሑፍ ቅርጾች) ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ በእጅዎ የጻፏቸውን «ምዕራፍ» እና «አንቀጽ» የሚሉትን ቃላት ከነቁጥራቸው ያጥፉ። የምዕራፍ ርእሶችን ሄዲንግ 1፣ የአንቀጽ ርእሶችን ሄዲንግ 2፣ ንዑስ አንቀጾችን ሄዲንግ 3 ያድርጓቸው። ከዚያም ጠቋሚውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ርእስ ላይ አድርገው፣ ሆም ከሚለው ክፍል መልቲሌቭል ሊስት፣ ከእርሱም ውስጥ ዲፋይን ኒው መልቲሌቭል ሊስት የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው መስኮት ሞር የሚለውን ካልተጫኑ ዋናዎቹ ምርጫዎች ተደብቀው ይቀራሉ። በግራ በኩል ከተደረደሩት 9 እርከኖች ለእርስዎ ሦስቱ ይበቃሉ፤ እያንዳንዱን ሊንክ ሌቭል ቱ ስታይል በሚለው ሳጥን ከየሄዲንጉ ጋር ያገናኙ። በሁለተኛው እርከን የቁጥር ሳጥን ውስጥ «አንቀጽ» የሚለውን ቃል በግራጫ መደብ ላይ ከተቀመጠችው አኃዝ በፊት ይጻፉ። አኃዟን ግን አይንኳት፤ አጥፍተው በራስዎ 1 ቢጽፉ፣ ደንቡ ሙሉ በሙሉ «አንቀጽ 1» ሆኖ ያርፋል።

ያስቸገረዎት የ1 መደጋገም የሚመጣው እዚሁ መስኮት ላይ ካለው ሪስታርት ሊስት አፍተር ከሚለው ምርጫ ነው። በሁለተኛው እርከን ላይ ምልክቱን ያንሱት፣ በሦስተኛው ላይ ግን ይተዉት፤ አንቀጾቹ ምዕራፍ ተሻግረው ይቀጥላሉ፣ ንዑስ አንቀጾቹ በየአንቀጹ ከ1 ይነሳሉ። የሀገራችን የሕግ አጻጻፍም ይኸው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በ11 ምዕራፎች 106 አንቀጾችን ሲይዝ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው በአንቀጽ 13 እንጂ በአንቀጽ 1 አይደለም።

የቅጣቱን ዐረፍተ ነገር በተመለከተ፣ «አንቀጽ 17» የሚለውን አጥፍተው «በ» የምትለዋን ፊደል ብቻ ያስቀሩ። ቀጥሎም ሪፈረንስስ ከሚለው ክፍል ክሮስ ሪፈረንስ፣ ከዚያ ነምበርድ አይተም ብለው የቅጣቱን አንቀጽ ከዝርዝሩ ይምረጡና ፓራግራፍ ነምበር (ኖ ኮንቴክስት) የሚለው እንዲገባ ያድርጉ። «አንቀጽ» የሚለው ቃል የቁጥሩ አካል ስለሆነ አብሮ ይገባል፤ «በ» ላይ ተጣብቆም «በአንቀጽ 18» ተብሎ ይነበባል። እነዚህ ጥቅሶች ግን እንደ ርእሶቹ ቁጥር ወዲያው አይታደሱም። ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ ኮንትሮልንና «A» የሚለውን ፊደል በአንድነት ተጭነው ሁሉንም ከመረጡ በኋላ ኤፍ 9ን ይጫኑ፤ ደንቡን ለአባላት አትመው ከማከፋፈልዎ በፊት ቢሆን ይመረጣል።