ዕድሩ ቀን አለው፤ ትምህርቱስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በገንዘብ ያዥነት እሠራለሁ። በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በርቀት ትምህርት ስከታተል ቆይቼ አራት ኮርስ ሲቀረኝ ቆሜያለሁ፤ ሞጁሎቹ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ከለበሱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከቤት የምወጣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ የምመለሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። የውሃ ፈረቃችን በሚደርስበት ሌሊት ደግሞ ግፊቱ እኛ ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ ምድር ቤት ወርጄ ጀሪካን ስሞላ አመሻለሁ። ቅዳሜና እሑድ በልብስ አጠባ፣ በዕድርና በልቅሶ ያልቃል። ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሣሁ ለማጥናት ሦስት ጊዜ ሞክሬ አንዱም ከሳምንት አላለፈም። ባለቤቴ «ለጊዜው ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሙዪ» ይለኛል። ስንፍናው የእኔ ነው ወይስ ኑሮው ነው?

ተማሪዋ እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት የሚወጣን ሰው ሰነፍ የሚል ካለ ከአባዶ መገናኛ ለመድረስ ተሰልፎ አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ስንፍናውን እንተወው። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ዕድርዎ የታወቀ ቀን አለው፣ የሚሰበሰብበት ቦታ አለው፣ የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት አለው። ውሃውም ፈረቃ አለው። ልቅሶ ቀጠሮ ባይኖረውም በመጣ ጊዜ «ዛሬ አይመቸኝም» የሚለው የለም። በሳምንትዎ ውስጥ ቀንም፣ ቦታም፣ ጠያቂም የሌለው ጉዳይ ትምህርትዎ ብቻ ነው፤ ጊዜው በጠበበ ቁጥር ቀድሞ የሚገፋውም ለዚህ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «አጠናለሁ» ብሎ ከማሰብ ይልቅ «ይህ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሐሳቡ ወደ ሥራ የመለወጥ ዕድሉን በእጅጉ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለዕድርተኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ለትምህርትዎ ቦታ እንፈልግለት። ሌሊት 10 ሰዓት መነሣቱን ይተዉት። በጀሪካን የተቆረጠን እንቅልፍ እንደገና በሞጁል መቁረጥ የትም አያደርስም፤ አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት፣ እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ የሚቆጥሩ ሰው ነዎት። እኔ የማየው ቦታ አውቶቡሱን ነው። ከተማው ዳር መኖር ካለው መከራ ጋር አንድ ጥቅም አለው፦ አውቶቡሱ ከእናንተ ሰፈር ባዶውን ስለሚነሣ፣ መንገድ ላይ የሚሳፈረው ሰው ቆሞ ሲሄድ ቀድሞ የተሰለፈው ተቀምጦ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ገና ጨለማ ስለሆነ፣ የአውቶቡሱም መብራት የሚታመን ስላልሆነ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከሞጁሉ አራት ገጽ ብቻ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ደንቡም «አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ሳገኝ፣ ቴሌግራም ከመክፈቴ በፊት፣ አራቱን ገጽ አነባለሁ» ይሁን። (ስልኩን ግን በተከፈተ መስኮት በኩል አይያዙ፤ መገናኛ አካባቢ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።) ቆመው የሄዱበት ቀን ነፃ ቀን ነው፤ ዕዳ አድርገው ወደ ነገ አያሻግሩት።

አውቶቡሱ የሚበቃው ግን ለንባብ ብቻ ነው። የሒሳብ መዝገብ ሚዛን በሚንገጫገጭ ወንበር ላይ አይሠራም፤ ወረቀት፣ ካልኩሌተርና ጠረጴዛ ይፈልጋል። ለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ያንን ሁለት ሰዓት ግን እንደ ዕድር ስብሰባ ያክብሩት። ቤት ውስጥ የማይቻል ከሆነ ልጆቹን ለባለቤትዎ ትተው በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጸጥ ያለ ቦታ ይውጡ። ባለቤትዎ «ዊዝድሮው» ያሉት ስለ እርስዎ ድካም አዝነው ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቅዳሜን ጠበቅ አድርገው ቢጠይቋቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ልብሱንም ለሁለት ይካፈሉት። ይህን ስል አንዳንድ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ።

ልቅሶን በተመለከተ ቅሩ አልልዎትም። ለቀብር መሄድ ግዴታ ነው፤ የሰፈር ሰው ነዎትና እርስዎም ነገ ያስፈልግዎታል። ይሁን እንጂ ቀብር ሄዶ፣ ከዚያ ሦስት ቀን በተከታታይ ድንኳን ውስጥ ማምሸት ለቅርብ ዘመድ እንጂ ለሁሉም አይደለም። በዚህ ላይ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

ከሳምንት አላልፍ ማለትዎ ብዙ አያስጨንቅዎ። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ነገሩን እንደማያበላሽ አስተውለዋል። እርስዎ ሦስቱንም ጊዜ ያቆሙት ገና ሳይጀመር ነው፤ ያውም በማይሆነው ሰዓት።

አራቱን ኮርስ በአንድ ጊዜ አይመዝገቡ። አንዱን፣ ከሥራዎ ጋር የሚቀራረበውን ይምረጡ፤ ቀን በቀን የሚነኩት ነገር ስለሆነ ንባቡ ይቀልልዎታል። ዊዝድሮውን በተመለከተ ደግሞ ከመወሰንዎ በፊት የተቋሙ ሬጅስትራር ዘንድ ሄደው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ትምህርቱን ለመጨረስ የተፈቀደልዎ ጠቅላላ ጊዜ ስንት እንደሆነና ከዚያ ውስጥ ስንቱ እንዳለቀ። ዓመት ያህል ሳይመዘገቡ ስለቆዩ ምናልባት በእነሱ መዝገብ ላይ ከተቋረጠ ቆይቶ ይሆናል፤ ያኔ የሚያስፈልግዎ ዊዝድሮው ሳይሆን የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻ ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለው ወረቀት ይቀበሉ።